ከደብረ ብርሃን ቲያትር ለማየት፦ ትኬቱ፣ ወንበሩና የመመለሻው መኪና

ደብረ ብርሃን አማርኛ አስተምራለሁ። ቲያትር ለማየት ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዳንዴ ብቻዬን፣ አንዳንዴ ተማሪዎቼን ይዤ፣ አሁን በቅርቡ ደግሞ እናቴን ይዤ። በእነዚህ ዓመታት ትኬት አጥቼ ተመልሻለሁ፤ የማይሠራ ትኬት ገዝቻለሁ፤ ትክክለኛ ትኬት ይዤ ገብቼም የተቀመጥኩበት ቦታ መጥፎ ሆኖ ግማሹን ሳልሰማ ወጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ከሰሜን ሸዋ ተነስተው ቲያትር ለማየት ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ከጫጫም ተነሱ ከደብረ ሲና፣ ከመሀል ሜዳም ሆነ ከሸዋ ሮቢት፣ ችግራችን አንድ ዓይነት ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ትኬት ቢያልቅበት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይሞክራል። እኛ ግን 130 ኪሎ ሜትር አቋርጠን፣ የመኪና ከፍለን፣ የሥራ ቀን አቃጥለን ነው በሩ ላይ የምንደርሰው። ስለዚህ እኔ ነገሩን ከኋላ ወደ ፊት ነው የማስበው። መጀመሪያ እንዴት እመለሳለሁ፣ ቀጥሎ የትኛው ቀን፣ ቀጥሎ የት እቀመጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ትኬቱ የሚመጣው። ይህን ቅደም ተከተል እስካገኘው ድረስ ብዙ ተጎድቻለሁ።

የመጀመሪያውን ጉዳቴን ልናገር። የገና ሰሞን ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራለት አንድ ቲያትር ነበረና እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ተነስተን ሄድን። ከተማ ውስጥ ምሳ በላን፣ ሻይ ጠጣን፣ ትርኢቱ 11፡30 ስለሆነ ጊዜ አለን ብለን 10፡30 ላይ አዳራሹ ደረስን። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ጀርባው ደርሷል። ቆምን። ከፊታችን ዐሥራ ምናምን ሰው ሲቀር የትኬት መቁረጫው መስኮት ተዘጋ። «አልቋል» የሚል ቃል ከፊት ወደ ኋላ በሰልፉ ሲተላለፍ እስካሁን ይሰማኛል። ሰዉ መበተን ሲጀምር አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ሁለት አለኝ፤ ጓደኞቼ ቀርተውብኝ ነው» አለን። ዋጋው ከመስኮቱ እጥፍ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው በዚያች ደቂቃ የሚያስበው የመጣበትን መንገድ እንጂ የትኬቱን ዋጋ አይደለም፤ ከፈልን።

በሩ ላይ ያሉት አባት ትኬቱን ተቀበሉኝ፣ አዩት፣ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው እንደገና አዩት። ማህተሙ ላይ ያለው ቀን በእጅ ላብ የፈዘዘ ይመስል ነበር። አውራ ጣታቸውን ከቁጥሩ ሥር አድርገው አሳዩኝ፤ ያለፈው ሳምንት ነው። «ይሄ ያለፈው ነው የኔ ልጅ፤ ከማን ገዛኸው?» አሉኝ በቀስታ። አልተቆጡም፣ እኔን እንደ አጭበርባሪም አላዩኝም። ዞር ስል ወጣቱ የለም። ያን ሌሊት ባልደረባዬ ዘመድ ቤት አደርንና ጎህ ሲቀድ ላምበረት መናኸሪያ ወረድን።

ከዚያ ወዲህ ከመስኮቱ ውጭ ትኬት አልገዛም። እናንተም አትግዙ፤ ሻጩ የቱንም ያህል የሚያሳዝን ታሪክ ቢነግራችሁ። ትኬቱን ከመስኮቱ ስትቀበሉም እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። የቲያትሩ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማህተሙ፣ ወንበር ቁጥር ካለው ቁጥሩ። ከኋላችሁ ያለው ሰው ቢገፋችሁም ሳታነቡ ከመስኮቱ አትራቁ፤ ስህተት ካለ ቆራጩ የሚያስተካክልላችሁ ገና እዚያው ቆማችሁ ሳለ ነው። አንድ ጊዜ ለእሁድ ጠይቄ የቅዳሜ ተቆርጦልኝ፣ እዚያው ስላየሁት በአንድ ደቂቃ ተቀየረልኝ። ቤት ገብቼ ባየው ኖሮ የማን ጥፋት እንደሆነ እንኳ ማስረዳት አልችልም ነበር።

አሁን ስለ ቀኑ። የአገራችን የቲያትር ቤቶች አሠራር ለኛ ለሩቆቹ የሚመች አንድ ነገር አለው። አንድ ቲያትር በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ይዞ ለወራት፣ ተወዳጅ ከሆነም ከዓመት በላይ ይታያል። ስለዚህ «ዛሬ ካላየሁት አመለጠኝ» ብሎ መሮጥ አያስፈልግም። ሰው የሚጨናነቀው በሦስት ወቅት ነው፦ ሲመረቅና በተከታዮቹ ሁለት ሳምንታት፣ በበዓል ሰሞን፣ እና «ሊወርድ ነው» የተባለ ጊዜ። እኔ የምመርጠው ከተመረቀ ከአንድ ወር በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ያኔ ተዋንያኑ እርስ በርስ ተላምደዋል፣ ቃለ ተውኔቱ አፋቸው ላይ ተሟሽቷል፣ ሳቅ የት እንደሚመጣ አውቀው ለሳቁ ቦታ ይሰጣሉ፤ ሰልፉም ይቀንሳል። ምረቃ ላይ መገኘት ክብር ነው የሚል ሰው አለ፣ አከብረዋለሁ፤ ለኔ ግን የምረቃ ዕለት ከመድረኩ ይልቅ አዳራሹ ነው ትርኢቱ። የፊት ወንበሮች ለተጋበዙ እንግዶች ይያዛሉ፣ ንግግር ይበዛል፣ መጋረጃው ዘግይቶ ይከፈታል። ዘግይቶ የተከፈተ መጋረጃ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚዘጋው፤ ለኛ ይህ ማለት የመመለሻ መኪና ማጣት ማለት ነው።

ስለ መመለሻው አጥብቄ የምናገረውም ለዚህ ነው። በሥራ ቀን የሄድኩባቸው ትርኢቶች አብዛኞቹ 11፡30 ገደማ ነው የጀመሩት። ሲያልቅ መሽቷል፤ በዚያ ሰዓት ላምበረት ሄዶ የደብረ ብርሃን መኪና እጠብቃለሁ ማለት ከንቱ ነው። ማደሪያ ያለው ሰው ብቻ ነው የሥራ ቀንን መምረጥ ያለበት። ለደርሶ መልስ የሚሆነው የእሁድ 8 ሰዓት ትርኢት ነው። የኔ የእሁድ ጉዞ እንዲህ ነው፦ ከደብረ ብርሃን ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ እነሳለሁ፤ በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱ፣ በሰንዳፋ፣ በለገጣፎ አድርጌ 4 ሰዓት አካባቢ ላምበረት ነኝ። ከዚያ በታክሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ በቀላል ባቡሩ ለገሃር። ለገሃር ወርዶ የቸርችልን መንገድ ትንሽ ሽቅብ ሲሉ ብሔራዊ ቲያትር ነው፤ ከፊቱ የቆመው የድንጋይ አንበሳ ከሩቅ ይታያል። 5፡30 ሳይሞላ ትኬት በእጄ ይሆናል፣ ምሳዬንም ሳልቻኮል እበላለሁ። ትርኢቱ እንዳለቀ ደግሞ ማንንም ሳልሰናበት ነው ወደ ባቡሩ የምሮጠው።

ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው መደወልን አትርሱ። አዳራሾች አንዳንዴ ለስብሰባና ለምርቃት ይከራያሉ፣ አንዳንዴ ለእድሳት ይዘጋሉ፣ ያን ዕለት ቲያትሩ ይታጠፋል። ማስታወቂያው ግን በር ላይ እንደተለጠፈ ይቆያል። ስደውል የምጠይቀው ይህን ነው፦ የእሁዱ ትርኢት አለ ወይ? ትኬት ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይቆረጣል? ወንበሩ በቁጥር ነው ወይስ ቀድሞ የገባ ይይዛል? ዋናዎቹ ተዋንያን ራሳቸው ናቸው ወይስ ተተኪ? የመጨረሻው ጥያቄ ነውር የሚመስለው ሰው አለ። ነውር አይደለም። ለረጅም ጊዜ የሚታይ ቲያትር ላይ ተዋናይ ይታመማል፣ ፊልም ቀረጻ ይሄዳል፣ ይተካል። ተተኪው አንዳንዴ ከዋናው የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም አንድን ተዋናይ ብላችሁ ይህን ሁሉ መንገድ የምትመጡ ከሆነ ማወቅ መብታችሁ ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ወንድም፣ እህት፣ የአክስት ልጅ ካላችሁ ትኬቱን ቀድሞ እንዲቆርጥላችሁ ከመጠየቅ አትፈሩ። ብሩን በቴሌብር ላኩና ትኬቱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ ቀኑን እናንተም አንብቡት። አዘጋጆቹ ራሳቸው በቴሌብር ከፍላችሁ በሩ ላይ ስም የምትናገሩበትን መንገድ ካመቻቹ ደግሞ የክፍያውን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ሰው በተጨናነቀበት በር ላይ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስልክ ባትሪው ያልቃል። እኔ ሁለቱም በአንድ ቀን ደርሶብኛል፤ ያዳነኝ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ የነበረች ቁራጭ ወረቀት ናት።

ወደ ወንበሩ ልምጣ፤ ለኔ ዋናው ይህ ነው። ብዙ ሰው ትኬት ካገኘ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የአማርኛ ቲያትር ግን የቃል ቲያትር ነው። ሰምና ወርቅ ያለበትን ንግግር፣ በግጥም የተጻፈ ክርክርን፣ በአንዲት ቃል ላልቶና ጠብቆ የሚዞር ቀልድን አንድ ቃል ከሳታችሁ ቀጥሎ ያለው አይገባችሁም። ስለዚህ ከማየት በፊት መስማትን ነው የማስቀድመው።

የመጀመሪያውን ረድፍ አልወደውም። መድረኩ ከፍ ያለ ስለሆነ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ሁለት ሰዓት ትቆያላችሁ፤ ከፊት ያለው ተዋናይ ከኋላው የሚሆነውን ይከልልባችኋል፤ ሁለት ሰዎች ከመድረኩ ግራና ቀኝ ሆነው ሲነጋገሩ ራሳችሁን እንደ ኳስ ተመልካች ታመላልሳላችሁ። ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ፊት ረድፍ ተቀምጬ አንዲት ተዋናይት ስታለቅስ እንባዋ ወርዶ አገጯ ላይ ሲንጠለጠል አይቻለሁ፤ ሳትጠርገው ንግግሯን ጨረሰች። ያን ከአሥረኛ ረድፍ አላየውም ነበር። ግን ለአንድ እንባ ብዬ ሙሉውን ቲያትር አልሰጥም።

ወለሉ ወደ ኋላ ከፍ እያለ በሚሄድ አዳራሽ ውስጥ የኔ ቦታ ከስድስተኛ እስከ አሥረኛ ረድፍ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ መተላለፊያው ጠጋ ብሎ ነው። እዚያ ፊታቸው ይታያል፣ መድረኩም ሙሉ ነው። ጥግ ጥጉን ሽሹ። በጎን የተቀመጠ ሰው በራሱ በኩል ያለው የመድረኩ ጥግ በመጋረጃው ይሸፈንበታል፤ በር ተንኳኩቶ ማን እንደገባ ሳያይ ሌላው ሁሉ ሲስቅ እሱ ጎረቤቱን «ማነው?» ይላል። አዳራሹ ምሰሶ ካለው ገብታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ቆማችሁ ወደ መድረኩ ተመልከቱ። የድምፅ ማጉያው ማለትም ሞንታርቦው አጠገብም አትቀመጡ፤ ሙዚቃ በገባ ቁጥር ጆሮ ይበሳል፣ ንግግሩንም አያጠራም።

ፎቁን በተመለከተ የማስበው እንደ ቲያትሩ ዓይነት ነው። ጭፈራ፣ የሰልፍ እንቅስቃሴ፣ ብዙ ሰው መድረክ ላይ የሚወጣበት ታሪካዊ ተውኔት ከሆነ ከፎቅ የመጀመሪያው ረድፍ ድንቅ ነው። የመድረኩ ወለል ራሱ ይታያችኋል፣ ማን ወደ ማን እንደሚሄድ ከላይ ሆናችሁ ታነባላችሁ። ሦስት አራት ሰው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው የሚጨቃጨቁበት ቲያትር ከሆነ ግን ምድር ቤቱ ይሻላል፤ እዚያ ያለው ነገር ሁሉ ፊት ላይ ነው። አረጋውያንን ይዛችሁ ከሆነ ደረጃውንም አስቡ። መብራት ከጠፋ በኋላ በጨለማ ደረጃ መውረድ ጉልበቱ ለደከመ ሰው አደጋ ነው።

ወንበሩ ቁጥር ከሌለው ቀድሞ መግባት ብቻ ነው መፍትሔው። በሩ ሲከፈት ከፊት እንዳላችሁ አድርጉ። ወንበር ስለመያዝም አንድ ነገር ልበል፤ ሁልጊዜ ስለሚያናድደኝ። ሽንት ቤት ለሄደ ጓደኛ ነጠላ ወይም ቦርሳ አስቀምጦ መጠበቅ ተገቢ ነው። አንድ ሰው ግን ቀድሞ ገብቶ ስምንት ወንበር ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ሰው ሲጠይቀው «ተይዟል» ሲል፣ ከሩቅ መጥቶ ሦስት ሰዓት የተሰለፈ ሰው ጥግ ላይ ሲቀመጥ፣ ይህ ግፍ ነው። አስተናጋጅ ጥሩ፤ በትሕትና፣ ግን ጥሩ። መጋረጃው ሊከፈት ሲል ያልመጣ ሰው ወንበር የለውም ብሎ የሚያስነሳ አስተናጋጅ አይቻለሁ፤ በልቤ መርቄዋለሁ።

ሪባን የታሰረበት ወይም ወረቀት የተለጠፈበት ወንበር ላይ ግን አትቀመጡ። አንድ ጊዜ የምረቃ ዕለት ወረቀቱ መሬት ወድቆ ሳላይ ጥሩ ቦታ ያገኘሁ መስሎኝ ተቀመጥኩ። መብራቱ ሊጠፋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እንግዶቹ መጡ፣ ተነሣ ተባልኩ። ያኔ ባዶ የቀረው ከምሰሶ ኋላ ያለ ወንበር ብቻ ነበር። ከቲያትሩ የማስታውሰው ምሰሶውን ነው።

ቲያትር ወደ እኛ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ቡድኖች ዙር ሲወጡ ደብረ ብርሃን ይቆማሉ፤ መኪና ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ከተማውን እየዞሩ ያስተዋውቃሉ፣ ትኬቱን ካፌዎች ውስጥ ያስቀምጣሉ። መንገዱ የማይመችበት ጊዜ እየበዛ ስለሆነ እንደ ድሮው አይመጡም፤ ሲመጡ ግን እባካችሁ ሂዱ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጽፈው ያሳዩት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥትም ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሰያደብር ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ አንድ ሁለቱ ቀና ብለው ያዩኛል።

የእኛ ከተማ አዳራሽ ምርጫ ግን ከአዲስ አበባው ይለያል። ወለሉ ሜዳ ነው፣ ወንበሩ ተነቃናቂ ነው። እዚህ ስድስተኛ ረድፍ ብትቀመጡ የምታዩት የሰው ማጅራት ነው፤ ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሰዉ ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ይቀመጣል። ስለዚህ ሜዳ ወለል ላይ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ይሻላል፣ ካልተገኘም መተላለፊያው ዳር፤ ቢያንስ በአንድ በኩል የሚከልላችሁ ሰው አይኖርም። ከበሩ ራቁ፤ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ይገባል፣ የዘገየ ሰውም በፊታችሁ ያልፋል። ትኬት ስትገዙም ገንዘቡ የሚመለስበትን ሁኔታ ጠይቁ። አንድ ጊዜ መኪናቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቡድኑ ሳይደርስ ቀረ። ትኬቱን ይዘን የቆየን ሰዎች በማግስቱ በዚያው ትኬት ገባን፤ ተናደው ቀደው የጣሉት ድጋሚ ከፈሉ።

ተማሪ ይዞ ለሚሄድ መምህር አጭር ምክር አለኝ። የትምህርት ቤቱ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዛችሁ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ቲያትር ቤቱን አነጋግሩ። እኔ እንዲህ ባደረግሁ ጊዜ ለብዛታችን ዋጋ ቀንሰውልን አንድ ላይ አስቀምጠውናል፤ ሳልናገር በሄድኩበት ጊዜ ደግሞ 40 ልጆች በአዳራሹ ሁሉ ተበታትነው፣ እኔ ቲያትሩን ትቼ ራስ ስቆጥር አምሽቻለሁ። መገናኛ ቦታ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ብሔራዊ ከሆነ አንበሳው ሥር፣ ሌላው ስም ሊምታታባቸው ይችላል። ስለ ቤቶቹም ቀድማችሁ አውጉላቸው፦ ሀገር ፍቅር በ1927 እንደተመሠረተ፣ ብሔራዊው በ1948 የንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር እንደተከፈተ። ሲገቡ ግድግዳውን በሌላ ዓይን ያዩታል።

እናቴን የወሰድኩበትን ቀን በመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ የተማርኩበት ስለሆነ ነው።

እማዬ የመንዝ ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ድራማ በራዲዮ ስትሰማ ኖራለች፤ ተዋንያኑን በድምፃቸው ታውቃቸዋለች፣ መልካቸውን ግን አታውቅም። የግራ ጆሮዋ ከተዘጋ ቆይቷል። «እኔ ምን ልሰማ ብለህ ነው ልጄ፣ ገንዘብህን ለምን ታጠፋለህ» እያለች ሁለት ዓመት አዘገየችኝ። አንድ ቀን ቤት ቡና ሲጠጣ አየኋት፤ ሁልጊዜ የምታዋራውን ሰው በደህናው ጆሮዋ፣ በቀኟ በኩል እንዲሆን አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ሳታስበው በርጩማዋን ታዞራለች። አሃ አልኩ፤ አዳራሹም እንዲሁ ነው። ከአዳራሹ በግራ በኩል ብትቀመጥ መድረኩ በቀኟ ይሆናል።

ከተመረቀ ወራት ያለፉትን፣ እሷ በድምፅ የምታውቃቸው አንድ አንጋፋ ተዋናይ ያሉበትን ቲያትር መረጥኩ። በዋዜማው ደውዬ መኖራቸውን አረጋገጥኩ። እሁድ ጠዋት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ከላይ ጋቢ ጨምራ ወጣች። ትኬቱን ስቆርጥ ለሴትዮዋ «እናቴ በአንድ ጆሮዋ ነው የምትሰማው፣ በግራ በኩል መተላለፊያ ዳር ብንቀመጥ ደስ ይለኛል» አልኳት። ከመስኮቱ ጎንበስ ብላ እማዬን አየቻትና «እናቴ፣ በሩ ሲከፈት ከሁሉም በፊት ይግቡ፤ ለልጁ እነግረዋለሁ» አለቻት። በሩን የያዘው ልጅ እውነትም ቀድሞ አስገባን። ሰባተኛ ረድፍ፣ በግራ፣ መተላለፊያው ዳር። እስከዚያ ቀን ድረስ በትኬት መስኮት ላይ ችግርን መናገር ልመና ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ችግር ካለባችሁ ንገሯቸው፤ የጆሮም ይሁን፣ የጉልበትም፣ የዓይንም።

መብራቱ ጠፋ፣ መጋረጃው ተከፈተ። ለአሥር ደቂቃ ያህል መድረኩን ሳይሆን እሷን ነበር የማየው። ነጠላዋን ከቀኝ ጆሮዋ ወደ ኋላ መለስ አደረገች። አንጋፋው ተዋናይ ከመድረኩ ኋላ ሆነው ገና ሳይታዩ ድምፃቸው ሲሰማ እጄን ያዘችኝ። «እሳቸው ናቸው» አለች፣ ስማቸውን ጠርታ። ገቡ። እንደጠበቀቻቸው ረጅም አልነበሩም መሰለኝ፣ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ ግን እኔን ረሳችኝ። አዳራሹ ሲስቅ አብራ ሳቀች፤ ዘግይታ አይደለም፣ ከሰው እኩል። አንድ ቦታ ላይ ተዋናዩ በግጥም ሲናገሩ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የመጨረሻውን ቃል ከእሳቸው ቀድማ ገምታው ነበር፣ ገጠመላት።

10 ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣን። ባቡሩ ሞልቶ ነበር፤ አንድ ተማሪ ወንበሩን ለቀቀላት። ላምበረት ስንደርስ የመጨረሻው ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለው መኪና ገና እየሞላ ነበር። ሸኖ ላይ ሰው ቅቤ ሊገዛ መኪናው ቆመ። እማዬ በመስኮቱ ለቅቤ ሻጯ ሴት የቲያትሩን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምራ መተረክ ያዘች፣ ሴትዮዋም ቅቤዋን በኮባ እንደጠቀለለች ቆማ ሰማቻት፤ ሾፌሩ ጡሩንባ እስኪነፋ።

ከጫጫ ወዲህ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር። ጨለማው ውስጥ «እህቴንም ይዘናት እንሂድ» አለችኝ። «ግን እሷ የሚደክማት የቀኙ ጆሮዋ ነው። የት እናስቀምጣታለን?»

«በአዳራሹ በስተቀኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ አንድ ላይ አንቀመጥማ» አለች።

መሀል ላይ፣ ወደ ፊት ጠጋ ብለን እንሞክራለን። እሷ በአክስቴ ግራ ከተቀመጠች ሁለቱም በደህና ጆሯቸው ይገናኛሉ፣ ያመለጣቸውን ይንሾካሾካሉ። ደውዬ ለመጪው ወር የመጀመሪያ እሁድ ትርኢቱ እንዳለ አረጋግጫለሁ፤ ትኬት ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ይቆረጣል ብለውኛል።